ቤት አይሰጥም

ልጅ ሳለሁ ብዙ አገር ነበረኝ። ጎንደር የኔ ነበረች፤ ደሴም፣ አዲስ አበባም፣ ስማቸውን እንኳ አጣርቼ የማልጠራቸው የባሕር ማዶ አገሮችም የኔ ነበሩ። ሁሉንም ያገኘኋቸው በእንቆቅልሽ ነው። በመንደራችን መልሱ የሚጠፋ እንቆቅልሽ በማምጣት የሚስተካከለኝ ልጅ አልነበረም። መልሱ የጠፋበት ልጅ እንደ ደንቡ አገር ይሰጠኛል፤ እኔም «ጎንደር ገብቼ ምን አጥቼ፣ ሁሉ በእጄ ሁሉ በደጄ!» ብዬ ከፎከርሁ በኋላ መልሱን እነግረዋለሁ። ከነዚያ ሁሉ አገሮች ዛሬም ድረስ ከልቤ ያልወጡት ሁለት ናቸው። አንዷ ሉማሜ ናት። ሌላው አገር አይባልም፤ አንድ የሣር ቤት ነው።

መንደራችን ከሉማሜ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ይርቃል። ሰማዩ የጠራ ቀን የከተማዋ ቆርቆሮ ከሩቅ ያብለጨልጫል። ያኔ ጀምበር ስታዘቀዝቅ የመንደሩ ልጆች የምንሰበሰበው አያ ደርሰህ ግቢ ነበር። አያ ደርሰህ ሞፈርና ቀንበር ጠራቢ ሽማግሌ ነበሩ። ቀኑን ሙሉ ሲጠርቡ የዋሉት ፍቅፋቂ በግቢው መካከል ይከመርና ማታ እሳት ይሆናል። ጭሱ የእርጥብ ቅርፊት ሽታ ነበረው፤ ነበልባሉ ቶሎ ይነሣል፣ ፍሙም ቶሎ ይከስማል፤ ስለዚህ አያ ደርሰህ ተረታቸውን በእሳቱ ልክ መቁረጥ ያውቁ ነበር። አጭር ተረት የዋንዛ ቀን ነው። ረዥሙን የምንሰማው ጠንካራ እንጨት ሲጠርቡ የዋሉ ዕለት ነው። «ዛሬ ወይራ ነው፤ አንበሳው እስከ መጨረሻው ይደርሳል» ሲሉን በደስታ እንዘላለን።

ማስተዋል ወደዚያ እሳት የመጣችው ከሁላችንም ዘግይታ ነው። እኩያዬ ናት፤ ሁለታችንም ስምንት ዓመት ቢሆነን ነው። ነገር ይዘገይባታል። ቃሉ ከአፏ እስኪወጣ ድረስ ሰው ቆሞ ይጠብቃል፣ ወይም ሰልችቶት ይሄዳል። ባላቸው ለሥራ ብለው ቆላ ወርደው የቀሩባቸው እናቷ፣ እትዬ የዝና፣ በሰው ማሳ ላይ አረምና አጨዳ ሲውሉ ልጃቸውን ጓዳ ዘግተውባት ይሄዱ ነበር። ክፋት አልነበረም። የሚይዝላቸው ሰው የለም፤ የሰው ዓይንና የሰው አፍም ያስፈራቸዋል።

አንድ ቀን አያ ደርሰህ ቀንበር በትከሻቸው ይዘው በደጃቸው ሲያልፉ ቆም አሉ።

«የዝና፣ ልጅሽን ለማታ ለማታ አውሺኝ።»

«ምን ትሠራልዎታለች አያ? ውሻ እንኳ አትጠብቅልዎትም።»

«ውሻማ አለኝ። ያጣሁት ጅብ ነው።»

እውነትም ጅቡን ሰጧት። ለእያንዳንዱ የተረት እንስሳ አንዳንድ ቁራጭ እንጨት መርጠው በጭኗ ላይ ያኖሩላታል፦ ጥምዝምዙ ፍቅፋቂ ጅብ፣ ቀጭኑ ስንጣሪ ቀበሮ፣ ጉጡ አንበሳ። ማስተዋል ቁራጩን ብድግ እስክታደርግ ድረስ እንስሳው ተረቱ ውስጥ አይገባም። እኛ አፋችንን ከፍተን እንጠብቃለን፤ ጥምዝምዙ ብድግ ሲል «ኧረ ጅብ!» ብለን እንጮሃለን። አንዳንዴ ቀበሮ በሚጠበቅበት ቦታ አንበሳ ታነሣለች። ያኔ አያ ደርሰህ ተረቱን ይለውጡታል እንጂ እሷን አያርሟትም። ቀበሮ መስሎት አንበሳ የመከረ ዶሮ አለ፤ እንዲህ ያለ ተረት ከዚያ ግቢ ሌላ የትም ሰምቼ አላውቅም።

ተረቱ ሲያልቅ የእንቆቅልሽ ተራ ይሆናል። ለማስተዋል ያ ጊዜ ክፉ ነበር፤ ለኛ ደግሞ መሳቂያ። መልስ አታውቅም፤ አገር ስጪ ስትባልም የምታውቀው አንድ አገር ብቻ ነው።

«አገር ስጪኝ።»

«ሉማሜን።»

ሁላችንም ሉማሜን ወስደናል፤ አንዳንዶቻችን በአንድ ምሽት ሁለት ጊዜ። እንስቃለን፤ እሷም አብራን ትስቃለች። በስሟ ሳይቀር እናሾፍ ነበር። «ስሟ ማስተዋል፣ ጭንቅላቷ የት ዋል!» የሚለውን የገጠምሁት እኔ ነኝ። ቃል መግጠም ትችላለች እየተባልሁ እመሰገን ነበርና ምስጋናው ጆሮዬን ደፍኖት ነበር መሰለኝ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል በአንዱ ምሽት አያ ደርሰህ ጎረቤት ተጠርተው እሳቱን ለኛ ትተውልን ሄዱ። ተራው የኔ ነበር።

«እንቆቅልሽ!» አልኋት ማስተዋልን።

ጠበቅን። «ምን… አውቅልሽ።»

«ሲሄድ ይውላል፣ ሲሄድ ያድራል፤ ደከመኝ አይልም።»

«አላውቅም።»

«አገር ስጪኝ።»

«ሉማሜን።»

«ሉማሜስ ሰለቸኝ፤ በእጄ ናት። ሌላ ስጪኝ።»

ሌላ አታውቅም። ዓይኗ ከአንዳችን ወደ አንዳችን ዞረ።

«እንግዲያው ቤታችሁን ስጪኝ።»

ልጆቹ ተንከተከቱ። እሷም ሳቀች። «ሰጠሁሽ» አለች።

«የዝና ቤት ገብቼ ምን አጥቼ፣ ሁሉ በእጄ ሁሉ በደጄ!» ብዬ ፎከርሁ። ወዲያው ዝናብ ማካፋት ጀመረና ተበተንን፤ መልሱ ወንዝ መሆኑን እንኳ አልነገርኋትም።

ብዙም ሳይቆይ የእትዬ የዝና ድምፅ መንደሩን ሞላው። ስንወጣ ማስተዋል ከአጥራቸው በር ላይ ቆማለች። አትገባም። እናቷ ሲጎትቷት የበሩን ግንድ ሁለት እጇን ጠምጥማ ያዘች። ዝናቡ በራሷ ላይ ይወርዳል፤ በውስጥ ኩራዙ በርቷል፤ እሷ ግን አንድ እርምጃ አልራመድም አለች። ለምን ሲሏት «አይቻልም» ብቻ ነው መልሷ። ሰው ተሰበሰበ። አንዱ መንፈስ ነው፣ ጠበል ትወሰድ አለ። ሌላው ቤቱ ውስጥ ያየችው ነገር አለ አለ።

እትዬ የዝና ደረታቸውን መቱ። «ሰው መሃል አውጥቼ ያመጣሁት ነው! ዓይን በላብኝ! ይቺ ልጅ ከእንግዲህ ከጓዳ ከወጣች እኔ የዝና አይደለሁም!»

እኔ ከእናቴ ጋቢ ሥር ሆኜ ይህን ሁሉ እሰማለሁ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ምክንያቱን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርሁ። አንዲት ቃል ብናገር ያበቃ ነበር። አልተናገርሁም።

እናቴ «ለዛሬ እኛ ዘንድ ትደር» ብላ እጇን ስትይዛት ማስተዋል ያለ ምንም ችግር ተከተለችን። ጠዋት ንፍሮ ቀርቦልን አጠገቤ ተቀመጠች። ሽምብራውን እየለቀመች ወደኔ በኩል ታስቀምጣለች፣ ስንዴውን ራሷ ትበላለች። ድንገት እጇን አቆመችና ጠራችኝ።

«እናኑ።»

«ምን?»

«እናቴ… ውስጥ ነበረች።»

«የት ውስጥ?»

«ቤቱ ውስጥ። ስሰጥሽ።» አንድ ሽምብራ ወደኔ ገፋች። «እሷንም… ወሰድሻት?»

ንፍሮውን ጣልሁት። ተነሥቼ ሮጥሁ።

አያ ደርሰህ መጥረቢያቸውን እያነሡ ነበር። እያለቀስሁ ሁሉንም ነገርኋቸው። ይመቱኛል ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን ግንድ ላይ ቁጭ አሉ።

«ጎጃሜ ለአንድ ጥማድ መሬት ስንት ዓመት ሲሟገት ይኖራል» አሉኝ። «አንቺ በአንድ ወንዝ ቤት ከነእናቱ ወሰድሽ!»

«እንግዲህ ምን ይሁን አያ?»

«በእንቆቅልሽ የተወሰደ በእንቆቅልሽ ይመለሳል። ሂጂ ሰው ጥሪ።»

«ምን ብዬ?»

«የሠራሽውን ብለሽ።»

ቤት ለቤት እየዞርሁ ተናገርሁ። እንደዚያ ቀን መንደራችን ብዙ ቤት ያለበት መስሎኝ አያውቅም።

በእትዬ የዝና ደጅ እርጥቡ ሣር ላይ ሰው ተቀመጠ። አያ ደርሰህ እንደ ዳኛ መሃል ሆኑ፤ እኔና ማስተዋል ፊት ለፊት። ጠያቂዋ እሷ ናት ተባለ። እሷ ደግሞ በዕድሜዋ እንቆቅልሽ ጠይቃ አታውቅም። ጠበቅን። አንዲት ዶሮ በመካከላችን አልፋ ሄደች። አንዱ ልጅ ሊያቀብላት አፉን ሲከፍት አያ ደርሰህ ምርኩዛቸውን አነሡበት። ጆሯቸው የከበደው እማሆይ ወለቱ፣ የመንደሩ አሮጊት፣ መጠበቁ ሰለቻቸውና «መልሱ ጨረቃ ነው!» ብለው ጮኹ።

«ገና አልጠየቀችም እማሆይ!» ተባሉ።

«ትጠይቅ እንጂ፤ እኔ መልሱን ይዤ ነው የምጠብቃት።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ማስተዋልም ሳቀች። ከሳቋ መካከል ነው ነገሩ የወጣ።

«እንቆቅልሽ» አለችኝ።

«ምን አውቅልሽ።»

«ሁሉም… ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ። ምንድን ነው?»

መልሱን አላውቅም ብል ውሸት ነው፤ አውቃለሁ ብልም ውሸት ነው። ስንቱን ምሽት ስንስቅ አብራን የምትስቀው በምን እንደምንስቅ ሳታውቅ እንደነበር ያኔ ገባኝ። ያ ሁሉ አገር የነበረኝ ልጅ አንገቴን ደፋሁ።

«አላወቅሁም።»

«አገር ስጪኝ።»

«ቤታችሁን ሰጠሁሽ።»

ራሷን ነቀነቀች። «ሉማሜን።»

ሳቁ እንደገና ሊፈነዳ ሲል አያ ደርሰህ እጃቸውን አነሡ። «ሕግ ነው! መጀመሪያ ሉማሜ። ሉማሜን የወሰደ ሁሉ ይነሣ!»

የመንደሩ ልጅ በሙሉ ተነሣ። አንድ በአንድ ፊቷ እየቆምን «ሉማሜን መለስሁ» አልን። እሷም እያንዳንዳችንን «እሺ» እያለች ተቀበለች። ቀጥሎ ቤቱን መለስሁ። «እናትሽንም» አልሁ።

ማስተዋል ብድግ አለች። «ሁሉ በእጄ ሁሉ በደጄ!» ብላ አንድም ቦታ ሳትቆም ጮኸችና በሩን ዘልላ እናቷ ጉያ ገባች። መልሱን ሳትነግረን።

እትዬ የዝና ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ መጣባቸው። «አያ፣ አሁን ይቺን ልጅ ምን ላድርጋት?»

«ምን ታደርጊያታለሽ? ሉማሜን የሚያህል አገር ያላት ሴት ጓዳ ትቀመጥ?»

ከዚያ ዕለት ጀምሮ መንደሩ ቀን ተከፋፈለ። ሰኞ እኛ ቤት፣ ማክሰኞ እማሆይ ዘንድ፣ ቅዳሜ አያ ደርሰህ ግቢ። እትዬ የዝና አረም ሲውሉ ልጃቸው የዋለችበትን ያውቃሉ። «የማስተዋል ቀን» ይባል ነበር፤ ቀኑ የደረሰው ቤት እንደ ተረኛ ሳይሆን እንደ ደጋሽ ነበር የሚሆነው። እናቴ ሰኞ ሰኞ የምትሠራውን ሽሮ በሌላው ቀን ስጠይቃት «የማስተዋል ቀን ነው እንዴ?» ትለኝ ነበር።

እኔ ተምሬ ደብረ ማርቆስ ቀረሁ፤ የሕፃናት አስተማሪ ሆንሁ። አሁን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሰፈራችን የእድር አዳራሽ የሚሰበሰቡ ልጆች አሉን፤ አፋቸውን ያልፈቱ፣ የማይሰሙ፣ ለአፍታ የማይቀመጡ። እኛ ጎረቤቶች ልጆቹን ስንይዝ እናቶቹ ገበያ ይወጣሉ፣ ፀጉራቸውን ይሠራሉ፣ አንዳንዷ ጥግ ላይ ጋደም ብላ ትተኛለች። ተረት የምነግራቸው እኔ ነኝ። እንጨቶቹን የያዘችው ግን ማስተዋል ናት። ዛሬ ከእናቷ ጋር የምትኖረው እዚያው ሉማሜ ነው፤ በወር አንድ ቅዳሜ በሚኒባስ ትመጣለች። አያ ደርሰህ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆነ፤ ጉጡ አንበሳ ግን ዛሬም እሷ ዘንድ አለ፤ ከመነካካት ብዛት እንደ መስተዋት ያበራል። ልጆቹም እንጨት ሲያነሡ እንስሳ ቢሳሳቱ ተረቱን እንለውጣለን።

የእንቆቅልሿን መልስ በተገናኘን ቁጥር እጠይቃታለሁ። እሷም ባገኘችኝ ቁጥር አገር ትጠይቀኛለች። ደብረ ኤልያስን ሰጥቻታለሁ፣ ጉንደ ወይንን ሰጥቻታለሁ፣ ደብረ ማርቆስን ከነምኖርበት ቀበሌ ሰጥቻታለሁ። አንዱን ተቀብላ ትፎክርና መልሱን ሳትናገር ሚኒባሷን ትሳፈራለች።

ባለፈው ቅዳሜ ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ወንበር ስንሰበስብ ልቤን ጨከን አድርጌ ተናገርሁት።

«ማስተዋል፣ መልሱን አውቄዋለሁ። እኔ ነኝ። ያኔ የሳቅነው ባንቺ ነበር። ያስጀመርኋቸውም እኔ ነኝ።»

ነገር እንደሚዘገይበት ልጅ አየችኝ፤ በትዕግሥት።

«አላወቅሽውም» አለች። «አገር ስጪኝ።»

የቀረኝ አገር አልነበረም። «ቤቴን ሰጠሁሽ» አልኋት፤ ከልቤ ነበር።

ደነገጠች። ወንበሩን ለቀቀችና ክንዴን ያዘች።

«ቤት አይሰጥም!» አለችኝ። «የት… ልታድሪ?» ትንሽ አሰበች። «ሉማሜን ላውስሽ። እሷን ስጪኝ።»

ሉማሜን ተዋስሁ፤ መልሼም ሰጠኋት። ፎክራ ስትስቅ እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ በምን እንደምንስቅ ግን የምታውቀው እሷ ነበረች።