ፍስሃየ እና ገጽ አራት

የበለስ ክረምት ነበር፣ ነጻነት ከመጣ ስድስተኛው ዓመት። ሰፈራችን እዳጋ ሓሙስ ላይ ሰው የበለሱን እሾህ ከጣቱ እየነቀለ ጋዜጣ ያነባል። ጣታችን ቢቆጠቁጠንም ደስ ይለን ነበር። ስለ ራሳችን ሰፈር የሚጽፍ ሰው ተገኝቶ ነበራ።

ጎረቤቴ ፍስሃየ ለአንድ የግል ጋዜጣ የሰፈር ወሬ ይሰበስባል። ገጽ አራት የሱ ነበር። የጠፋች ፍየል፣ የፈነዳ ቧንቧ፣ የሞተ ሰው፣ ሁሉም እዚያ ይወጣል። ሰው በቁራጭ ወረቀት ጽፎ በበሩ ስር ያስገባለታል። መጻፍ የማይችል ቆሞ ይነግረዋል። እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፣ ገጽ አራትን ግን በጣቴ እየተከተልኩ እጨርሳለሁ።

«ኣያ ፍስሃየ፣ ቧንቧውን አስጠገንክልን። የባሌን አፍ ደግሞ ጻፈውና ይጠገን» አልኩት አንድ ቀን።

«ለሱ አንድ ገጽ አይበቃም» አለኝ።

በፈረንጆቹ 2001 መስከረም ላይ የግል ጋዜጦች በሙሉ ተዘጉ። አለቆቹ ተወሰዱ። ፍስሃየን ትንሽ ነው ብለው ይሁን፣ እንጃ፣ ተዉት። ሰው ግን ወረቀቱን በበሩ ስር ማስገባት አልተወም፣ እሱም እምቢ ብሎ መመለስ አልሆነለትም። ደብተር ላይ ይገለብጠዋል። «ለጊዜው ነው፣ ይከፈታል» ይላል።

ኅዳር ላይ ኣብርሄት መጣች። ባሏ ሐጎስ ሃያ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቶ የሞተ ነው። ሙት ዓመቱ ደርሶ ነበር። የሥራ ጓደኞቹ ዓኽርያና ፓራዲዞ ሰፈር ተበትነዋል፣ ቤታቸውን አታውቅም። ሰው ሞልቶ እንዲያስታውሰው ነበር የፈለገችው፣ ሌላ ምንም።

«ጋዜጣው ተከፈተ እንዴ?» አለችው።

«ሊከፈት ነው።»

«ለእሑድ ይደርሳል?»

መሬት መሬት አየና «እወ፣ ይደርሳል» አለ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። እንደማይደርስ አውቃለሁ። ዝም አልኩ።

እሑድ ለሰማንያ ሰው አዘጋጀች። ዳስ ውስጥ የተቀመጥነው አሥራ አንድ ጎረቤቶች ነን። አውቶቡስ ፌርማታው ላይ በቆመ ቁጥር ወደ መንገዱ ትወጣና ብቻዋን ትመለሳለች። ከሰዓት በኋላ ጋዜጣው አለመውጣቱን ሰምታ ወደ ፍስሃየ ሄደች።

«ጓደኞቹን ረሱት ብዬ ረገምኳቸው» አለችው። «ለካ የነገራቸው የለም።»

ደብተሩን አውጥቶ ገልጦ አሳያት። የሐጎስ ስም፣ ሰዓቱ፣ የቤቱ አቅጣጫ፣ አንድም አልጎደለም።

«ይኸው፣ ጽፌዋለሁ።»

«ማን እንዲያነበው?» አለችና ወጣች።

ከዚያ ወዲህ ወረቀት ያስገባለት የለም። ዓኽርያ የሞተውን እኛ የምንሰማው ከወራት በኋላ ነው፣ ሄደን «መርዶው አልደረሰንም» እያልን እናፍራለን። ቧንቧ ሲፈነዳ ሁሉም ዝም ብሎ ጀሪካኑን ይዞ ይሄዳል። ኣብርሄት እኔንም ሰላም አትለኝም። ልክ ነች።

ፍስሃየ በፋሲካ ሰሞን ቤቱን ለቀቀ። እስካለፈው ጥር ድረስ ዓኽርያ እህቱ ቤት፣ ከቆርቆሮ ሠሪዎቹ ጀርባ ያለችው ክፍል ውስጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ የት እንዳለ የነገረን የለም።