ለውሻ የተጣለ ግዝት

አክስቴን እወዳት ነበር ብዬ ብጀምር ደግ ነበር፤ ግን አልወዳትም ነበር። የአባቴ ታላቅ እህት ናት። አፏ ምሥጢር ስለማይቋጥር አባቴ ጫካ መግባቱን ከእሷም ደብቀናል። “ሱዳን ለንግድ ተሻግሯል” አልናት፣ ለአገሩ ሰው ሁሉ እንዳልነው። ያኔ መተማ ላይ ጣሊያን ምሽጉን ሠርቶ ተቀምጧል። አርበኛ የወጣበት ቤት ይቃጠላል፤ አርበኛውም በተያዘ ዕለት ይሰቀላል።

አክስቴ ከጭልጋ ልትጠይቀን በወረደች ሰሞን ውሻችን ጠፋ። አባቴ ከቡችላነቱ ጀምሮ በእጁ እያጎረሰ ያሳደገው ነው። የት እንደሄደ እናቴ በጠዋቱ ገብቷታል፤ ሽታውን ተከትሎ አባቴ ዘንድ ሄዷል። “ውሻ ነው፣ ሲርበው ይመጣል” ብላ ማሽላዋን መፍጨት ያዘች።

አክስቴ ግን “የወንድሜ ውሻ ጠፍቶማ እጄን አጣጥፌ አልቀመጥም” አለች። ውኃ መቅጃው ወርዳ ጠየቀች። በሬ የሚታረድበት ዛፍ ሥር ሄዳ ጠየቀች። ገበያ ወጥታ ከሱዳን የሚመጡትን ነጋዴዎች እያስቆመች፣ ቀዩ፣ ግራ ጆሮው የተቆረጠው እያለች አስረዳች። እኔ ጥርሴን ነክሼ ከኋላዋ እከተላለሁ። ጎረቤታችን ባንዳ ሳይቀር “በየት በኩል ሄደ፣ እትዬ?” ይላታል፤ እሷም የሚረዳት ሰው ተገኘ ብላ ታብራራለታለች። በሁለቱም ላይ ምራቄን ልተፋ ምንም አልቀረኝም።

ይህ ሁሉ አልበቃ ብሏት ቄሱን ግዝት ይጣልልኝ አለች። ባገራችን ከብት ሲጠፋ ቄሱ ከቅዳሴ በኋላ ያወግዛሉ፤ አይቶ የደበቀ ሰው ለነፍሱ ፈርቶ ይናገራል። ቄሱ “ለበሬ እንጂ ለውሻ ግዝት አይጣልም” ብለው መለሷት። “ቤት የሚጠብቅ ከበሬ በምን ያንሳል፣ አባ?” እያለች ደጃቸው ላይ ተቀመጠች። ንዝንዟ ሲሰለቻቸው እሺ አሉ።

እሁድ ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ ቄሱ ቅጥሩ ውስጥ አቁመውን “የዚህን ቤት ውሻ አይቶ የደበቀ ውጉዝ ይሁን” አሉ። ባንዳው ጠመንጃውን ተደግፎ በሩ ላይ ቆሟል። ሙጫ ለቃሚው ጎረቤታችን ከመሃል ወደ ፊት ወጣ። በረሃ ለበረሃ ሲዞር የሚውል፣ እግዚአብሔርን የሚፈራ ምስኪን ሰው ነው። ፊቱ አመድ መስሏል። አባቴንና ውሻውን በረሃ ላይ አብረው ሳሉ እንዳያቸው፣ አይቶም ለእኛ ብሎ ዝም እንዳለ ያን ጊዜ ገባኝ።

“አባ፣ እኔ...” ብሎ ጀመረ።

“እኔ ነኝ የገደልኩት” አለች እናቴ። “ዶሮዎቼን ፈጀብኝ። በመጥረቢያ መትቼ ገደል ጣልኩት። ይህ ሰው ስጥለው አይቶኛል።”

ሙጫ ለቃሚው አንገቱን ደፋ። ባንዳው ስቆ ሄደ። አክስቴ እናቴን ያን ሁሉ ሰው ፊት በጥፊ መታቻት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ቤተ ክርስቲያን አልገባችም። ከቅጥሩ ውጭ ቆማ ታስቀድሳለች። ሴቶቹ ውሻ ገዳይ አሏት፤ አክስቴም ጭልጋ ተመልሳ ለዘመድ ሁሉ አወራችው። እናቴ ግን ለማንም አንዲት ቃል አልመለሰችም። የእኔ ደም ግን እስከ ዛሬ ይፈላል።

ጣሊያን ሲለቅ አባቴ ጎፈሬውን አጎፍሮ መጣ፣ ውሻውም ከኋላው። መንደሩ በእልልታ ተናወጠ። አክስቴ ወርዳ ውሻውን አንገቱን አቅፋ አለቀሰች፤ ሥጋ ተቆረጠለት። እናቴ ግን ግዝት ላይ ዋሽታለችና ንስሐ ተሰጣት፣ ጾምና ስግደት። ከሙጫ ለቃሚው በቀር እግሯ ላይ የወደቀ ሰው የለም።

ምሳ ላይ የሆነውን ሁሉ ለአባቴ ነገርኩት። የጎረሰውን አላምጦ ከዋጠ በኋላ ወደ እናቴ ዞረ።

“ቤተ ክርስቲያን ቆመሽ ከምትዋሺ ዝም ብትይ ምን ነበረበት?” አላት። “ዝም አይነቅዝም።”

እናቴ ተነሥታ እጁን የሚታጠብበትን ውኃ አመጣችለት። ያን ቀን እሷ ዝም ብትል ኖሮ ይህን ያላትን አፍ አፈር በልቶት ነበር።