አቡጊዳን የዘለልኩበት ነሐሴ

የኔታ ዘንድ የተላክሁት እውቀት ጠምቶኝ እንዳይመስላችሁ። መስከረም ላይ አንደኛ ክፍል ስለምትገባ ክረምቱን ፊደል ትቁጠር ተባለ እንጂ፣ እውነቱ ሌላ ነው። እናቴ ደብረ ብርሃን መኪና መቆሚያው ዳር ሻይ ትሸጥ ነበር፤ እኔ ደግሞ የታወቅሁ ብርጭቆ ሰባሪ ነበርኩ። በጣርማ በር ብርድ ተኮራምተው ለሚመጡት ሾፌሮች ብርጭቆ ሲያንስባት ጊዜ፣ ጎትታ ወስዳ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር፣ የኔታ ዳስ ውስጥ ጣለችኝ። «ከዓይኗ በቀር ሁሉም የእርስዎ ነው» ብላቸው እርፍ!

የኔታ ጋ ደግሞ መማር ማለት መጮህ ነው። ሃያ ልጅ ጭቃ ላይ ተኮልኩሎ «ሀ ሁ ሂ ሃ» እያለ ያንባርቃል፤ ዝናቡም ከላይ ያንባርቃል። እኔ ድምፄ ጎላ ያለ ስለነበር ጎበዝ መሰልኩ። በሐምሌ መጨረሻ ከሀ እስከ ፐ በዜማ እወርደው ነበር። ፊደሉን ማየት እንኳ አያስፈልገኝም፤ አፌ ያውቀው የለም እንዴ?

የደርግ ዘመን ነው፤ እናቴም እንደ ሰፈሩ ሴት ሁሉ መሠረተ ትምህርት ተመዝግባለች። ታዲያ ሻዩን ለማን ትታ ትሂድ? ስትቀር፣ ስትቀር ከረመች። በኋላ ቀበሌው «ፈተና ያላለፈ ከኅብረት ሱቅ ስኳር አያገኝም» ማለቱ ተወራ። እውነት ይሁን ውሸት ማን ይጠይቃል! ስኳር ከሌለ ሻይ የለም፤ ሻይ ከሌለ እኛም የለንም። እናቴ ደነገጠች። ያደሏትን የፊደል ገበታ ሻይ ቤቷ ግድግዳ ላይ በሊጥ ለጠፈችና «በይ፣ አንቺ የተማርሽው፣ አስተምሪኝ» አለችኝ።

አቤት ያኔ የተኮፈስኩት! ማማሰያ ይዤ እየጠቆምኩ አስጮህኳት። ዜማውን በሳምንት ለቀም አደረገችው። ውሃው እስኪፈላ ከሀ እስከ ፐ ደርሳ ትመለሳለች።

ነሐሴ ሲገባ የኔታ ወደ አቡጊዳ አሻገሩን። አቡጊዳ ማለት ያው ፊደል ነው፤ ግን ተዘበራርቆ፣ በአፉ ብቻ የሸመደደ እንዲጋለጥ ተብሎ የተሠራ ወጥመድ ነው። በዚያው ሰሞን የሰፈር ወንዶች ለቡሄ ጅራፍ ማጮህ ጀመሩ። ሴት ልጅ ጅራፍ አታጮህም ሲሉኝ ደሜ ፈላ። ሁለት ሳምንት ሙሉ የኔታ ዘንድ የምሄድ መስዬ ሜዳው ላይ ጅራፍ ሳጮህ ከረምኩ። እናቴ «አቡጊዳ የሚባል አለ አሉ፣ እሱስ?» ስትለኝ፣ «እሱ ለቄሶች ነው፣ አንቺን አይመለከትሽም» አልኳት። ዓይኔን በጨው አጥቤ!

የፈተናው ቀን አብሬያት ሄድኩ፤ የቀበሌው አዳራሽ በሴት ሞላ። ፈታኙ ጢም ገና ያላበቀለ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው። ጥቁር ሰሌዳው ላይ አንድ «ጠ» ጻፈ፤ ዙሪያዋ ባዶ።

«እናት፣ ይቺ ማን ናት?»

እናቴ ትክ ብላ አየቻት። «የኔ ልጅ፣ ብቻዋን አላውቃትም። ከነዘመዶቿ አምጣልኝ» አለች።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ልጁ ሌላ ጻፈ፣ ደግሞ ሌላ ጻፈ፤ እናቴ አንዷንም ብቻዋን አታውቃትም። ላብ በላብ ሆና ወጣች። ውጭ እንደደረስን የቀበሌው በር ላይ ከተጻፈው መካከል አንዷን ፊደል በጣቷ ነካችና «ይቺስ?» አለችኝ። «ሀ ሁ ሂ ሃ» ብዬ ዜማውን ከላይ ጀመርኩ። «ይቺኛዋስ?» እንደገና ከሀ ጀመርኩ። ሁሉም ገባት። አልመታችኝም፤ ያ ነው ያስፈራኝ።

በማግስቱ ጆሮዬን ይዛ የኔታ ዳስ ገባች። ነጠላዋን አጣፋች፣ ጭቃው ላይ ከልጆቹ መሐል ቁጭ አለች። «የኔታ፣ ሁለት ተማሪ አምጥቻለሁ። በጳጉሜን ድጋሚ ፈተና አለብኝ።» የኔታ ግራ ገባቸው። አቡጊዳ ላይ በስንደዷቸው አንዷን ጠቆሙ፤ እናቴ ሳተች። እኔን ጠየቁኝ፤ ሳትኩ። ልምጫቸውን አነሡና ጀርባዬን ሁለቴ አቀመሱኝ።

«የኔታ፣ አንድ ነው የሳትኩት!» ብዬ ጮህኩ።

«ሁለተኛው የእናትሽ ነው። የሰው ሚስት አልመታም፤ ያሳታት ይመታ።»

«ይበላት!» አለች እናቴ።

የመጀመሪያው ቀን እንዲያ አለች። በሦስተኛው ቀን ግን መልስ ከመስጠቷ በፊት ጀርባዬን ታያለች። ሻይ ቤቷ ስንመለስ ሻዩ ገንፍሎ እሳቱን ሲያጠፋው አትሰማም፤ ገበታው ላይ ዓይኗን ተክላ ከታች ወደ ላይ፣ ከመሐል ወደ ዳር ታነበንባለች። ሾፌሮቹ ተነጫነጩ። «ጠብቁ!» ትላቸዋለች፣ «የምትጠጡት የልጄን ጀርባ ነው።» እኔም እሷ ስትጠየቅ ትንፋሼን ውጬ፣ «ዕወቂያት፣ በይ ዕወቂያት» እላለሁ። እንደዚያ ከልቤ ጸልዬ አላውቅም።

በጳጉሜን ያው ተማሪ ሰሌዳው ፊት አቆማት። ጠመኔው ሰሌዳውን ሳይለቅ ትመልሳለች። አሥር ጻፈ፣ አሥሩንም። ልጁ ጠመኔውን አስቀመጠ።

«እናት፣ በዚህች ጊዜ ውስጥ ማን አስተማረዎት?»

«የዚች ልጅ ጀርባ» አለች፣ ወደ እኔ ዞራ። ምን እንዳለች አልገባውም። ብቻ ማስረጃውን ጻፈላት።

ቤት ስንገባ ሻይ አልጣደችም። ቀሚሴን ገልባ ሰንበሩን ለጋ ቅቤ ትቀባኝ ጀመር። ጀርባዬ ላይ ሞቅ ያለ ነገር ጠብ አለ፤ ዞሬ ሳይ ታለቅሳለች። እኔ ሆዬ ግራ ገባኝ።

«እማዬ፣ ምን ያስለቅስሻል?» አልኳት፤ «ስኳሩ ተገኘ አይደል?»