በካሴት ላይ የቀረ ሰላምታ

ለእህቴ ለእትዬ ዘነቡ ረቡዕ ጠዋት በስልክ የድምፅ መልእክት ላክሁላት። «እትዬ፣ እንዴት አደርሽ? ያቺ ነርስ ጨው ፈቀደችልሽ ወይስ አሁንም እንደተኳረፋችሁ ናችሁ?» ብዬ ስቄም ነበር። ይኸው ዛሬ አርብ ነው፤ መልእክቱ አልተከፈተም። ናዝሬት ሆስፒታል ከተኛች ሦስት ሳምንት ሆኗታል። ስልኳ ባትሪ ጨርሶ ይሆናል ብዬ ተጽናናሁ። ሰው ራሱን ሊያታልል ሲፈልግ ባትሪም ይበቃዋል።

ረፋዱ ላይ ልጄ ሶስና ከምትኖርበት ከኬኔሶ ደወለች። ሶስና እንኳን በሥራ ሰዓት፣ በእረፍቷም ቀን ቢሆን ከመደወል ቴክስት ማድረግ ነው የምትወደው።

«አባዬ፣ ነገ ጠዋት ቤት ነህ አይደል? ላይክ፣ የትም አትሄድም?»

«የት እሄዳለሁ? ምነው?»

«ኖ፣ ምንም። ዛሬ መጥቼ አንተ ጋ ላድር ብዬ ነው። ከሰዓት ኦፍ ወስጃለሁ።»

ስልኩን ዘግቼ መስኮቱ አጠገብ ቆምኩ። ብቻዬን የምኖረው አትላንታ ዳር፣ ስኔልቪል ነው። መጋቢት ሲገባ የሰፈሩ ጥዶች ያን ቢጫ የአበባ ዱቄታቸውን መኪናው ላይ፣ ደረጃው ላይ፣ የፖስታ ሳጥኑ ላይ ይነሰንሱታል። በልጄ ድምፅ ውስጥ የነበረውን ነገር አውቀዋለሁ። የማውቀውም ከሰው ሰምቼ አይደለም፤ እኔው ራሴ በወጣትነቴ በዚያ ድምፅ ተናግሬ ነው። ያኔም መጋቢት ነበር፣ ያኔም ይኸው ቢጫ ዱቄት ነበር።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። የአትላንታ ኦሎምፒክ አልፎ ከተማው ከተረጋጋ ሁለት ዓመት ግድም ይሆናል። በዲቪ መጥቼ ስኮትዴል ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ከጋሽ መኩሪያ ጋር ተዳብዬ እኖር ነበር። ጋሽ መኩሪያ ሃምሳን ትንሽ ዘለል ያደረጉ ሰው ናቸው፤ ለእኔ ግን የዓለም ሽማግሌ ይመስሉኝ ነበር። አሁን እኔ ያንን ዕድሜ ይዤዋለሁ፤ ሽማግሌ ያለኝን ግን እቀየማለሁ።

በወጣትነታቸው ምሥራቅ ጀርመን ተልከው ፍልስፍና ተምረዋል። ያ ሁሉ ትምህርት አትላንታ ላይ ያስገኘላቸው፣ መሐል ከተማ ባለ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ በር ላይ በመስታወት ዳስ ውስጥ ተቀምጦ ትኬት መቀበል ነበር። እኔንም እዚያው ያስቀጠሩኝ እሳቸው ናቸው። የሥራ ሺፍታችን ሲገጥም ምሳችንን ዳሱ ውስጥ እንበላለን፤ እኔ በፕላስቲክ ዕቃ የመጣ ሽሮ፣ እሳቸው ዲኬተር አጠገብ ካለው ገበያ የሚገዙትን ድፍን ያለ ጥቁር ዳቦ ከሰናፍጭ ጋር። «ጀርመን የሰጠችኝ ሁለት ነገር ነው» ይሉ ነበር፤ «ይህ ዳቦና አንድ ጭንቀት።»

ጭንቀቱ የሥነ ምግባር ፍልስፍና ነው። እኔ ከሥራ በኋላ ኮሌጅ እማር ነበርና ኤቲክስ የሚባል ክላስ ወሰድኩ፤ ለክሬዲቱ ብዬ እንጂ ወድጄ አይደለም። የጀርመኖቹ ምዕራፍ ላይ ስደርስ አንዱን ገጽ ሦስት ጊዜ አንብቤ ምንም አልገባ አለኝ። መጽሐፉን ይዤ ወደ ጋሽ መኩሪያ ሄድኩ። ዐይናቸው በራ። ያን ቀን መኪናው በር ላይ ተሰልፎ ጥሩምባውን ሲነፋ እሳቸው ስለ ግዴታ ያስረዱኝ ነበር።

እኔን የያዘኝ አንድ የጥንት ጀርመናዊ ፈላስፋ ሐሳብ ነው። ወዳጅህ ነፍሰ ገዳይ እያባረረው ቤትህ ገብቶ ተደበቀ እንበል። ገዳዩ በርህን አንኳኩቶ እዚህ ነው ወይ ብሎ ቢጠይቅህ እንኳ መዋሸት አይፈቀድልህም ይላል ሰውየው።

«እንዴ! እብድ ነው እንዴ?» አልኩ።

ጋሽ መኩሪያ ሳቁ። «እኔም መጀመሪያ ያልኩት ይህንኑ ነው። ገዳዩንማ እዋሸዋለሁ፤ ስለ ኃጢአቴ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን። ግን ሐሳቡን እየው። ሰውን ስትዋሸው ምን ታደርገዋለህ? በገዛ አእምሮው እንዳይወስን ትከለክለዋለህ። እንደ ዕቃ አንሥተህ አንተ የፈለግህበት ቦታ ታስቀምጠዋለህ። ለደግ ብለህም ቢሆን።»

ይህን ብለው ዳቦውን አስቀመጡና አንድ ታሪክ ነገሩኝ። ጀርመን ሳሉ አባታቸው ሞተዋል። አብረዋቸው የሚማሩት ኢትዮጵያውያን ሰምተዋል፤ ግን ፈተና ነውና ይቆይ ተባለ። ከፈተናው በኋላ ደግሞ ብርድ ነው፣ አገሩ ሩቅ ነው፣ ይቆይ ተባለ። ስምንት ወር ቆየ። በዚያ ስምንት ወር ጋሽ መኩሪያ ለአባታቸው ደብዳቤ ይጽፋሉ፤ መልሱን ታናሽ ወንድማቸው በአባታቸው ስም ይጽፍላቸዋል።

«አንዱ ደብዳቤ ላይ ጤናዬ ተሽሎኛል፣ ስለ እኔ አታስብ ይላል። እኔ ደስ ብሎኝ ልጆቹን ሁሉ ቢራ ጋበዝኳቸው። የሚያውቁትን ልጆች! ጠጡልኝ።»

ከዚያ እጄን ያዙኝ። «ስማ፤ እናቴ ወልዲያ ናት፣ አርጅታለች። እዚህ አገር አብሮኝ የሚኖር አንተ ነህና ወሬው መጀመሪያ አንተ ጋ ይመጣል። በመጣ ሰዓት ንገረኝ። ሽማግሌ አትጠብቅ፣ ንጋት አትጠብቅ። ቃልህን ስጠኝ።»

«ልማልልዎት?»

«መሐላ አልፈልግም። ቃል ይበቃል።»

ቃሌን ሰጠሁ። ያን ሰሞን ለክላሱ ወረቀት ጻፍኩ፤ ውሸት በምንም ሁኔታ አይፈቀድም የሚል። እንዴት ያለ ጽሑፍ መሰላችሁ! ዓለምን ያስተካከልኳት መስሎኝ ነበር።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት፣ የእድራችን ሰብሳቢ አቶ ተሰማ አፓርትመንቱ ድረስ መጥተው መኪናቸው ውስጥ ግባ አሉኝ። ጋሽ መኩሪያ ሥራ ላይ ነበሩ። እንደምታውቁት በእኛ ዘንድ የሞት ወሬ ለባለ ሐዘኑ በቀጥታ አይደወልም፤ ጎረቤት ወይም ወዳጅ ተፈልጎ ይነገረዋል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? እኛ ደግሞ እውነቱን ይዘን ንጋት እንጠብቃለን። የወልዲያው ወንድም ለአቶ ተሰማ ደውሏል። የጋሽ መኩሪያ እናት በዚያው ዕለት ማለዳ አርፈዋል።

«መርዶው እሑድ ንጋት ላይ ይሁን ብለናል» አሉ አቶ ተሰማ። «እስከዚያ ሰዉ ሁሉ ሥራ ላይ ነው። ሴቶቹም ምግቡን ያሰናዱ። መኩሪያ ደም ብዛት አለበት፤ አጽናኝ በሌለበት ሰምቶ አንድ ነገር ቢሆን ምን እንላለን? አንተ ስልኩን ንቀልልን። እንዳይጠረጥር።»

«እኔ እኮ ቃል...»

«የምን ቃል? የሞተችው እናቱ ናት! አደራ ልጄ። አደራ በሰማይ፣ አደራ በምድር።»

ክፉ ሰው አይደሉም። በዚህ ከተማ የስንቱን አስከሬን አገር ቤት ያስላኩ፣ የስንቱን ዕንባ ያበሱ ሰው ናቸው። ደግሞም ልክ ነበሩ፤ ለቅሶ ለብቻ አይሆንም። ምን ይዋጠኝ? በአንድ በኩል ቃል፣ በአንድ በኩል አደራ። ገብቼ የስልኩን ገመድ ነቀልኩ። ስለ ግዴታ አሥር ገጽ የጻፍኩት ልጅ ከዚያ በላይ አላሰብኩም።

አርብ እንደምንም አለፈ። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ጋሽ መኩሪያ ፊታቸው በርቶ ከሥራ ገቡ። ሰኞ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው አግኝተዋል። እናታቸው ማንበብ ስለማይችሉ የሚልኩላቸው ደብዳቤ ሳይሆን ካሴት ነበር፤ ያኔ ብዙ ሰው እንዲያ ያደርግ ነበር። መንገደኛውም መርዶውን የሰማ ነው፤ ግን «በደስታ አደርስልዎታለሁ» ብሏቸዋል። ቴፑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው አዲስ ካሴት ከላስቲኩ አወጡ።

ከመክፈታቸው በፊት ቀና ብለው አዩኝ። «ሰዉ ሁሉ ምን ሆኗል? ተሰማ ዛሬ ሲያየኝ ዐይኑን ሰበረ። ስልካችንም አይሠራም። ከወልዲያ የተሰማ ነገር አለ እንዴ?»

ይኸው የእኔም በር ተንኳኳ። ጠያቂው ግን ነፍሰ ገዳይ አልነበረም፤ የእናቱን ነገር የሚጠይቅ ልጅ ነበር። በመስኮቱ አሻግሬ መኪኖቹ ላይ የተኛውን ቢጫ ዱቄት አየሁ።

«ኧረ ምንም የለም ጋሼ» አልኩ።

ትንሽ አዩኝና ትከሻቸው ላላ። «አንተ ካልክ የለም» አሉ።

አንተ ካልክ የለም! ከዚያ ወዲህ እንዲያ ያመነኝ ሰው አላጋጠመኝም።

ቴፑን ከፈቱት። «እናቴ፣ መኩሪያ ነኝ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? በልጉ ጣለ? ያቺ ተዋጊ ላም ተሸጠች ወይስ ዛሬም ከጎረቤት እያጣላችሽ ነው?» ይላሉ፤ በየመሐሉ መልስ የሚሰሙ ይመስል ዝም ይላሉ፣ ይስቃሉ። ስለ ላሟ ብቻ አንድ አምስት ደቂቃ አወሩ። በመጨረሻ «አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ይኸውልሽ። እውነተኛ ልጅ ነው፤ ሰላም ይበልሽ» ብለው ቴፑን ወደ እኔ ገፉት።

ቀዩዋ መብራት በርታለች። «እማማ፣ ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ነዎት? ጋሼ ደኅና ናቸው፤ አያስቡ። እግዜር ዕድሜ ይስጥዎት» አልኩ።

ዕድሜ ይስጥዎት! ለሞተ ሰው! መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ።

እሑድ ንጋት ላይ በሩ ሲንኳኳ እኔ ልብሴን ለብሼ ተቀምጬ ነበር። ጋሽ መኩሪያ በፒጃማ ወጥተው ከፈቱ። ደረጃው ላይ ሃያ የሚሆን ሰው ቆሟል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ማንም አንድ ቃል ሳይተነፍስ ገባቸው። ሰዎቹን አልነበረም ያዩት፤ ዞረው እኔን ነው ያዩኝ። ጫማዬን ሳይቀር አስቀድሜ ማሰሬን አዩ። «እናቴን!» ብለው የወደቁት ከዚያ በኋላ ነው።

ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊት ተቀመጥን። ካሴቱን ፍራሼ ሥር ደብቄው ነበር። አምጣው አሉኝ፤ አመጣሁ።

«መቼ ሰማህ?»

«ሐሙስ።»

«ሐሙስ» አሉ ጠረጴዛውን በጣታቸው እየነኩ። «አርብ። ቅዳሜ።»

«ጋሼ፣ አደራ ብለውኝ ነው። ምን ላድርግ፣ ታዝዤ ነው እኮ።»

ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «ጀርመን ቤት ያከራዩኝ ሽማግሌ ስለ ጦርነቱ ስጠይቃቸው መልሳቸው ይኸው ነበር፤ ታዝዤ ነው። አይ፣ የአንተ ከዚያ ጋር አይገናኝም፣ ማጋነን ይሆናል። እናንተ ወዳችሁኝ ነው፣ አውቃለሁ። ግን እናቴ ሞታ እኔ ስለ ላም አወራሁ። ማልቀሱ የእኔ ነበር፤ መቼ እንደማለቅስም የእኔ ነበር። ደግሞ ጠየቅሁህ...» ካሴቱን ወደ እኔ ገፉት። «አንተ ጋ ይቀመጥ።»

ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ሰባት ወር አብረን ኖረናል። ሻይ ያፈሉልኛል፣ ሸሚዜን ይተኩሱልኛል፤ ግን አንዲት ነገር ጠይቀውኝ አያውቁም። ዝናብ ይኑር አይኑር እንኳ አሁን ከውጭ የገባሁትን እኔን አይጠይቁም፤ ተነሥተው መስኮቱን ይከፍቱና እጃቸውን ያወጣሉ። ያ ወረቀቴም ተመለሰልኝ፤ ኤ አግኝቷል። የመኪና ማቆሚያው ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት።

ኋላ ጋሽ መኩሪያ የወንድማቸው ልጅ ጋ ኦሃዮ ሄዱ። ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን ሃይዌይ ላይ እየነዳሁ የማላውቀው ቁጥር ደወለ፤ የወንድማቸው ልጅ ነው። «ጋሼ አሁን፣ ከአንድ ሰዓት በፊት አረፉ። ‹ለእሱ ራሳችሁ ወዲያው ደውሉለት፣ በሰው እንዳትልኩበት› ብለውን ነበር» አለኝ። ዳር ይዤ ፓርክ አደረግኩና መሪው ላይ ተደፋሁ። ይቅርታ ይሁን የመጨረሻ ትምህርት እስከ ዛሬ አላውቅም። ብቻ እኔ የነፈግኋቸውን እሳቸው ሰጡኝ።

ዛሬ ሶስና ከቀትር በኋላ መጣች። አንድ ሰው ብቻ ወደሚኖርበት ቤት መቶ የወረቀት ሰሃንና ሦስት ካርቶን ውሃ ተሸክማ ገባች። ሳመችኝ፤ ዐይኔን ግን አላየችም። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታኝ የታጠበ ብርጭቆ ደግማ ማጠብ ጀመረች።

ልጠይቃት አፌን ከፈትኩና መለስኩት። ጥያቄ ሰውን ምን እንደሚያደርገው አውቃለሁ። አልጠየቅኳትም፤ እኔው ነገርኳት።

«ሶስዬ፣ እትዬ ዘነቡ አርፋለች። እንዳትነግሪኝም አደራ ተብለሻል። አልቀየምሽም።»

ብርጭቆውን አስቀመጠች። «አይም ሶሪ አባዬ። ማክሰኞ ማታ ነው። ነገ ጠዋት ሰዎቹ ይመጣሉ፤ እኔ ልነግርህ ፈልጌ...»

ማክሰኞ። እኔ መልእክቱን የላክሁት ረቡዕ ነው።

ነገ ንጋት ላይ ሲያንኳኩ እንዳልሰማ ሰው ሆኜ በሩን እከፍትላቸዋለሁ። ለእኔ ብለው በሌሊት የሚነሡ ሰዎችን ላሳፍር አልችልም። ጋሽ መኩሪያ ቢኖሩ ይህስ ውሸት አይደለም ወይ ይሉኝ ነበር፤ ነው። የዛሬው ከሰዓት ግን የእኔ ነው።

ልጄ እጇን ሳታደርቅ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ስልኬን አንሥቼ የረቡዑን መልእክት ከፈትኩት። የገዛ ድምፄ እየሳቀ ነርሷ ጨው ትፍቀድ አትፍቀድ ይጠይቃል። «እትዬን!» ያልኩት ያን ጊዜ ነው።