ዳዊት ያላነበብኩባቸው አራት ወራት

ሐኪሟ በትንሽ መብራት ሁለቱንም ዓይኖቼን ካየች በኋላ፣ በሁለቱም ላይ ሞራ እንዳለ፣ ሞራው በቀዶ ሕክምና እንደሚነሣ፣ ይሁን እንጂ የደሜ ስኳር ሳይወርድ ቀዶ ሕክምናው እንደማይደረግ ነገረችኝ። ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ ጠየቅኋት።

«እሱ እንደ አመጋገብዎ ነው፣ አባባ» አለች።

አመጋገብ የጊዜ መለኪያ አይደለም። ሆኖም ከበሩ ውጭ ብዙ ሰው ይጠብቃት ስለነበር አልተከራከርኳትም። ባለቤቴ ክንዴን ይዛ ባጃጅ ውስጥ አስገባችኝ። ወደ ቤት ስንመለስ የአዳማን ሱቆች ማስታወቂያ ለማንበብ ሞከርኩ፤ ቀለማቸውን ብቻ አየሁ። እስከዚያች ቀን ድረስ በማጉያ መስተዋት ስታገል ቆይቼ ነበር። ከዚያች ቀን በኋላ ግን ማጉያውም ጭጋጉን ከማጉላት በቀር የሚፈይደው አልነበረም።

ጋዜጣ አለማንበብ ጉዳት አላደረሰብኝም። የጎደለብኝ ዳዊት ነው።

ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ መልካሳ ላይ በደረቅ አካባቢ ሰብሎች ምርምር ሥራ ከጀመርኩበት ጊዜ አንሥቶ፣ ከሃምሳ ዓመት በላይ፣ በየማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የዕለቱን የዳዊት ድርሻ ሳላደርስ ውሃ እንኳ ቀምሼ አላውቅም። ሰኞ የመጀመሪያዎቹን ሠላሳ መዝሙራት፣ ማክሰኞ ቀጣዮቹን ሠላሳ፣ እንዲህ እያልኩ፣ ሌላውን ቀን ሠላሳ ወይም ሃያ እያደረስኩ፣ ቅዳሜ መቶ ኀምሳውን እፈጽማለሁ። በንባብ መካከል አልናገርም። የሚያናግረኝ ሰው ከመጣ የቀኝ እጄን አመልካች ጣት አነሣለሁ፤ ትርጉሙ «ቆዩ» ማለት ነው። በቤታችን ውስጥ ያቺን ጣት የማያውቅ ሰው አልነበረም። እንግዶችም ቶሎ ይማሯታል።

ይህን ያህል ዘመን ያነበብኩትን በቃሌ አለማወቄ የሚያስገርማቸው ሰዎች አሉ። ሥራዬ ያስተማረኝ የመጀመሪያው ሕግ ከትዝታ መመዝገብ ክልክል መሆኑን ነው። አይቶ የሚጽፍ ሰው ይታመናል፤ አስታውሶ የሚጽፍ ሰው እንደ ስሜቱ ያሳንሳል፣ ይጨምራል። በዚሁ መሠረት ሆን ብዬ ዓይኔን ከገጹ ላይ አላነሣም ነበር። ውጤቱም ይህ ሆነ፦ የትኛው መዝሙር በግራ ገጽ፣ የትኛው በቀኝ ገጽ እንዳለ አውቃለሁ፤ የሰም ጠብታ ያረፈበትን መስመር አውቃለሁ፤ ቃሉን ግን ያለ መጽሐፍ ከሁለተኛው መስመር ማሳለፍ አልችልም።

ባለቤቴ በስልኳ የተቀዳ ዳዊት ከፈተችልኝ። አንባቢው መልካም ድምፅ አለው፤ የዜማ አጣጣሉም አይነቀፍም። ሁለት ቀን ሰማሁት። በሦስተኛው ቀን፣ ይህ ሌላ ሰው ሲመገብ ተቀምጦ እንደ ማየት ነው ብዬ እንድታጠፋው ጠየቅኋት።

«እንግዲያው ራስህ አናግረዋ» አለችኝ።

«ማንን?»

«ማንን ይለኛል! ይህን ሁሉ ዓመት ለማን ስታነብ ነው የኖርከው?»

ባለቤቴ ወንጂ የተወለደች የስኳር ፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ናት። በማሽን ድምፅ መካከል ያደጉ ሰዎች ጮክ ብለው ይናገራሉ። እርሷም እግዚአብሔርን የምታናግረው ጮክ ብላ ነው። ምስር ስትለቅም፣ ወጥ ስታማስል፣ ባጃጅ ስትጠብቅ፣ ጊዜና ቦታ ሳትመርጥ ታናግረዋለች። «ጌታዬ፣ ይህን ነፋስ ለአንድ ሰዓት ብታቆምልኝ ምን ነበረበት? ልብሱ አቧራ ለበሰ እኮ!» ትለዋለች። ነፋሱ ከባሰ ደግሞ «ተው እንጂ!» ትላለች። ይህ ለፈጣሪ የሚገባ አነጋገር አለመሆኑን በተለያዩ ጊዜያት፣ ረጋ ባለና በተሟላ ዐረፍተ ነገር አስገንዝቤያታለሁ። «እሺ» ትለኛለች። ከዚያ ቀና ብላ «ሰማኸው?» ትለዋለች።

በማግስቱ በተለመደው ሰዓት በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። መጽሐፉን ጭኔ ላይ ዘርግቼ፣ ለሩብ ሰዓት ያህል ዝም አልኩ። የምለው አልነበረኝም። በአክብሮት ዝም ያልኩ እንዳይመስል፤ ፈልጌ ነው ያጣሁት። ይህም አስደነገጠኝ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ በየቀኑ ወደ አንድ ሰው ቤት የሚሄድ፣ በእጁ ያለው ወረቀት ሲወሰድበት ግን የሚናገረው የሚጠፋው ሰው ቢኖር፣ ሲመላለስ የኖረው ወደ ሰውየው ነው ወይስ ወደ ወረቀቱ? ጥያቄው ተገቢ ነበር። ሰባ ስምንት ዓመት ሞልቶኛል፤ ይህን ሳላውቅ መሞት አልፈለግሁም።

በጽሑፍ በኩል የነበረኝ ሌላ ልምድ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ነው። ስለዚህ በቀጣዩ ጠዋት ጸሎቱን በማመልከቻ መልክ ለማቅረብ ሞከርኩ።

«ጉዳዩ፦ የዓይን ብርሃን እንዲመለስልኝ መጠየቅን ይመለከታል» አልኩ ጮክ ብዬ። «ከላይ በርእሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ አመልካቹ ባደረበት የዓይን ሕመም ምክንያት...»

ከበስተኋላዬ የባለቤቴን ሳቅ ሰማሁ።

«አቶ ተመራማሪ፣ ግልባጩስ ለማን ነው?»

«ገና አልደረስኩበትም።»

«ለቅዱስ ገብርኤል አድርገው፤ እሱ ቶሎ ያደርስልሃል። ማኅተሙን ግን ከየት ልታመጣ ነው?»

ጣቴን አነሣሁ።

«ኧረ ተው! ዛሬ ንባብ የለም፤ አስቀምጣት እቺን ጣት» አለችኝ።

የንስሐ አባታችን በዚያው ሳምንት ቤታችን መጡ። በዕድሜ ከመጨረሻ ልጄ ያንሳሉ። ሆኖም «ልጄ» ይሉኛል፤ እኔም «አባቴ» እላቸዋለሁ። ሥርዓቱ ስለሆነ ቅሬታ የለኝም። ችግሬን ከመነሻው በዝርዝር አስረዳኋቸው። ካዳመጡኝ በኋላ ከጉዳዩ ጋር የማይገናኝ የመሰለኝን ነገር ጠየቁኝ።

«መልካሳ በነበሩ ጊዜ በየቀኑ የሚሠሩት ምን ነበር?»

«ከሌላው ሥራ ጋር፣ በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የዝናብ መለኪያውን አይቼ እመዘግብ ነበር።»

«ዝናብ ባልዘነበ ቀንስ?»

«ያኔም አያለሁ።»

«ምን ብለው ይጽፋሉ?»

«ዜሮ።»

«ታዲያ ካልዘነበ ባዶውን ቢተዉትስ?»

«አይተውም፣ አባቴ!» ድምፄን ሳላነሣ አልቀረሁም። «ባዶ ቦታና ዜሮ አንድ አይደሉም። ባዶ ቦታ ማለት መዝጋቢው አልሄደም ማለት ነው። ዜሮ ማለት ግን ሄዷል፣ አይቷል፣ ዝናብ የለም ማለት ነው።»

«እንግዲህ ልጄ» አሉ፣ «በየጠዋቱ ወንበርዎ ላይ ይቀመጡና የትናንቱን ውሎዎን ይንገሩት። የሚነግሩት ካጡ ዜሮ ነው ይበሉት። ብቻ አይቅሩ።»

«እኔ ስለውማ አይሰማም፣ አባ!» አለች ባለቤቴ ከጓዳ።

የመጀመሪያው ወር ከሞላ ጎደል ዜሮ ነበር። «ጌታ ሆይ፣ ዛሬም የምለው የለኝም» እልና እቀመጣለሁ። ነፋሱ ይነሣል፤ ባጃጆቹ መንጫጫት ይጀምራሉ፤ እኔም ገብቼ ቁርሴን እበላለሁ። አንዳንድ ቀን ካፊያ ያህል ይገኛል። «ትናንት ለስኳሬ ተብሎ የቀረበልኝ የባቱ ዓሣ አጥንቱ በዝቶ ነበር» አልኩት አንድ ጠዋት። በሌላው ቀን ደግሞ «ጎረቤቴ ሰላም ሳይለኝ አለፈ፤ ምናልባት ብሎኝ ይሆናል፣ እኔ ነኝ ያላየሁት» አልኩት። እንዲህ ያለው ነገር ለእግዚአብሔር የሚነገር አይመስለኝም ነበር። ነገር ግን የተሰጠኝ መመሪያ «የትናንቱን ውሎ» የሚል ስለሆነ አልመረጥኩም።

በሁለተኛው ወር አንድ ለውጥ አስተዋልኩ። ቀን ላይ ትንሽ ነገር ሲገጥመኝ «ይህንን ጠዋት እነግረዋለሁ» ማለት ጀመርኩ። ቆይቶም አንዳንዱን ነገር ጠዋት ድረስ ሳላቆይ፣ በሆዴ፣ እዚያው መንገድ ላይ ነገርኩት። ለባለቤቴ ግን አላሳወቅኋትም፤ መሳቋ አይቀርም ነበር።

ሦስተኛው ወር ሲጋመስ፣ አንድ ማለዳ፣ እኔ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ፣ ባለቤቴ ደግሞ ጓሮ ልብስ ታሰጣ ነበር። ገመዱ ከፍ ያለ ነው። የግራ ክንዷ ሙሉ በሙሉ ስለማይዘረጋ ልብሱን በቀኝ እጇ ትወረውረዋለች፤ አንዳንዴ ይወድቅባታል፣ ጎንበስ ብላ ታነሣና ደግማ ትወረውረዋለች። ሳላይም ከድምፁ ዐወቅሁ። «ትናንት...» ብዬ ጀምሬ ነበር፤ አልቀጠልኩም። የመጣብኝ የትናንቱ ውሎ አልነበረም።

ከሠላሳ ዓመት በፊት ነው፤ መልካሳ ውስጥ በመሥሪያ ቤቱ መኖሪያ ግቢ። ሰኞ ነበር፤ ድርሻዬን ለመፈጸም ስድስት መዝሙራት ቀርተውኛል። ባለቤቴ ከውጭ ጠራችኝ። ጣቴን አነሣሁ። በመካከላችን ግድግዳ ስለነበረ ጣቴን ልታያት አትችልም፤ ቢሆንም አነሣሁ። «እባክህ ና!» ብላ ደገመችኝ። አሁንም አነሣሁ። ስድስቱን ፈጽሜ ስወጣ ጀሪካኑ ተገልብጦ፣ መሬቱ ርሶ አገኘሁ፤ ሰው የለም። ለካስ ውሃ ይዛ ደረጃው ላይ አንሸራቷት፣ ወድቃ ክንዷ ተሰብሮ ኖሯል። ከአርሲ የመጣች ሙስሊም ጎረቤታችን ጩኸቷን ሰምታ፣ ክንዷን በራሷ ሻሽ አስራ፣ በጋሪ ወደ ወጌሻ ወስዳታለች። ወጌሻው የቻለውን አድርጓል፤ ክንዱ ግን ተጣሞ ገጠመ። እኔ የምይዘው የመሥሪያ ቤቱ መኪና ያን ሰዓት ከበሩ ላይ ቆሞ ነበር። የአዳማ ሆስፒታልም ሩቅ አልነበረም።

ይህን ለአንድም የንስሐ አባት ነግሬ አላውቅም። በደንቡ ከታየ ጥፋት አይደለም፤ በጸሎት ላይ ነበርኩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ባዶ የተውኳት ቦታ ናት፤ እኔ ግን ዜሮ የጻፍኩባት መስሎኝ ነበር።

ያን ጠዋት ለእግዚአብሔር ነገርኩት። «ጠራችኝ፤ ሰማሁ፤ አልሄድኩም» አልኩት። ከዚያ በኋላ የተናገርኳቸው ዐረፍተ ነገሮች ያልተስተካከሉ ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ማሰሪያ አልነበራቸውም። ስጨርስ የሰማሁት ምላሽ የለም። ብቻ፣ የተበደለችው ሴት ጓሮ ቆማ እኔ እዚህ መቀመጤ ትክክል አለመሆኑ ግልጽ ሆነልኝ። ግድግዳውን እየዳሰስኩ ሄድኩ።

«ምን ሆነህ ነው? ትወድቃለህ እኮ! ስኳርህ ተነሣ እንዴ?»

«ስኳሬ ደህና ነው። ያን ጊዜ፣ መልካሳ፣ ክንድሽ የተሰበረ ዕለት... ስትጠሪኝ ሰምቼሽ ነበር።»

አንድ ልብስ ወረወረች፤ ያዘላት። «አውቃለሁ» አለች።

«እንዴት ታውቂያለሽ?»

«ሁለተኛ ስጠራህ ድምፅህን ከፍ አድርገህ ማንበብ ጀመርክ። ያልሰማ ሰው ድምፁን ለምን ከፍ ያደርጋል?»

ይህን ዝርዝር ረስቼው ነበር። እንደ ነገረችኝ ግን እውነት መሆኑን ዐወቅሁ።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልተናገርሽም?»

«ለማን? ላንተ? ለሱማ ያኔውኑ ነግሬዋለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«‹ባሌ ካንተ ጋር ሥራ ይዟል፤ እሱ አይመጣልኝምና አንተው ና› አልኩት።»

«መጣ?»

«ጎረቤታችን መጣች» አለች። «በል አሁን እዚህ ከቆምክ ይህን አንሶላ በዚያ በኩል ያዝልኝ።»

ያዝኩላት። አንሶላው ነጭና ትልቅ ስለነበር ላገኘው አልተቸገርኩም። ይቅርታ አለመጠየቄን ያስታወስኩት አንሶላው ከተሰጣ በኋላ ነው። ጠየቅኋት። «እሺ» አለችኝ። ከዚያ፣ ከወትሮዋ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ወደ ላይ «ሰማኸው?» አለችው።

በአራተኛው ወር ማብቂያ ላይ ስኳሬ ወርዶ ቀኝ ዓይኔ ተሠራ፤ ግራው ተራውን እንዲጠብቅ ተደረገ። ማንበብ በተፈቀደልኝ የመጀመሪያው ሰኞ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ መጽሐፉን ከፈትኩ። የሰም ጠብታው በቦታው ነበር። በመጀመሪያ የእሑድን ውሎዬን ነገርኩት፤ ይህን ልማድ መተው አልቻልኩም፤ ከዚያ ማንበብ ጀመርኩ። አሥራ አንደኛው መዝሙር ላይ ስደርስ ባለቤቴ ከወጥ ቤት ጠራችኝ።

«እስቲ ና!»

ጣቴ ተነሣች። በአዲሱ ዓይኔ አየኋት፤ ከጠበቅሁት በላይ አርጅታለች። አወረድኳት።

«ቆየኝ፣ መጣሁ» አልኩት።

የበርበሬው ብልቃጥ ክዳን በአንድ እጅ አልከፈት ብሏት ነበር። ከፈትኩላት። ስመለስ ነፋሱ ገጹን ገልብጦታል። የተቋረጠ መዝሙር ከመጀመሪያው መነበብ አለበት ብዬ ስለማምን እንደገና ጀመርኩ። ደግማ ጠራችኝ። አሁን ደግሞ ክዳኑን መልሼ እንድገጥምላት ነው።

«ሆን ብለሽ ነው?» አልኳት።

«ሠላሳ ዓመት ጠብቄ ሁለቴ ብጠራህ በዛብህ?»

የሰኞውን ድርሻ ማክሰኞ ፈጸምኩ። የንስሐ አባቴ በሳምንቱ ሲመጡ ጥፋቶቼን የክንዱን ጨምሬ በዝርዝር አቀረብኩላቸው። የሰኞውን ድርሻ ማሳደሬን ግን ከጥፋቶቹ መካከል አላገባሁትም።