በሰንበት ጠጠር አይለቀምም

አያቴ ነሳብ ሐሙስ ሐሙስ ትሪውን ጭኗ ላይ አድርጋ ለሰንበት የሚሆነውን ምስር ትለቅማለች። ጣቶቿ ጠጠሩን ያገኙታል፤ ዓይኗ ግን ግቢው ላይ ነው። ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ ምስሩ ሳያልቅ ታውቃለች። በግብፅ ፉስጣጥ፣ በአይሁድ ሰፈራችን፣ ይህን ያላወቀ አልነበረም።

ባሏ አባባ ፈራሕያ ፈላስፋ ነበሩ። ትምህርታቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ እግዚአብሔርን «እንዲህ ነው» ማለት አይቻልም፤ «እንዲህ አይደለም» ማለት እንጂ። አካል የለውም፣ አይደክምም፣ አያረጅም። «ነው» ካልን በራሳችን ልክ ሰፋነው ማለት ነው ይሉ ነበር።

«እንግዲህ አንተም ለቃሚ ነህ» ትላቸዋለች አያቴ። «እኔ ጠጠሩን ከምስሩ፣ አንተ ጠጠሩን ከፈጣሪ።»

«መልካም ብለሻል።»

«ልዩነቱ፣ የኔው ይበላል።»

ችግሩ፣ ነገሩ ልማድ ሆነባቸው። ወጡ እንዴት ነው ሲባሉ «አላረረም» ይላሉ። በሰርጋቸው ዕለት ነሳብን አይተው «አታስፈራም» አሉ ይባላል።

እኔን ቱርፋን ያሳደጉኝ እነሱ ናቸው። ለአቅመ ሔዋን ስደርስ የጨርቅ ቀላሚው ልጅ ነህራይ ፈለገኝ፤ እኔም ከእሱ ሌላ እንደማላገባ ለአያቴ ነገርኳት። እናቱ እሜቴ መሊሐ ግን፣ «ፈላስፋ አይዋሽም፤ ጠባይዋን ከአያቷ አፍ ካልሰማሁ አላጭለትም» አለች። በሰንበት ከምኩራብ መልስ መጣች።

«አባባ፣ ቱርፋ እንዴት ያለች ልጅ ናት?»

አባባ ጢማቸውን ዳሰሱ። «ሌባ አይደለችም።»

«ሌላስ?» አለች መሊሐ።

«አታነክስም። አትነክስምም።»

«የሚያማት ነገር አለ እንዴ?»

«እብድ እንኳ አይደለችም» አሉ ሊያጽናኗት።

ሴትዮዋ መጎናጸፊያዋን ሰብስባ ተነሳች። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ አያቴን በዓይኔ ፈለግኳት። አያቴ ቀድማ በሩ ላይ ቆመች።

«ተቀመጪ እሜቴ። አንተ ሰው፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?»

«ሰንበት።»

«በሰንበት ከምስር መሃል ጠጠር መልቀምስ?»

«ክልክል ነው፤ ሥራ ነው። ምስሩን ከጠጠሩ መሃል አንስቶ መብላት ግን ይፈቀ…»

«ይኸው አንተ ከልጄ ላይ ጠጠር ስትለቅም አረፈድክ። ምስሩን አንሳ።»

ሕጉን የሚያስተምሩት አባባ ራሳቸው ናቸውና ማምለጫ አጡ። «ስትስቅ» አሉ፣ «የማነበው መስመር ይጠፋብኛል። ሳቋ እስኪያልቅ ደግሞ መስመሩን አልፈልገውም።»

እሜቴ መሊሐ ተመልሳ ተቀመጠች። «እንግዲህ የሚበላውን አቅርቡ» አለች።

ፀሐይ ስትጠልቅ አያቴ ባሏን «ስለ እኔስ?» ብላ ያዘቻቸው።

«ሰንበት እኮ ወጣ» ብለው ሸሹ። ግን እሷ የምትለቅ ሴት አይደለችም፤ ከዚያ ወዲያ ሰንበት በመጣ ቁጥር አንዲት ምስር፣ አንዲት መልካም ቃል፣ ሳይሰጧት ወጥ አታወጣላቸውም ነበር።

አያቴ ዛሬ የለችም። የሰፈሩ ሰው ስሟን ሲያነሳ «ክፉ አልነበረችም» ይላል። እናንተ ይህን ያነበባችሁ ግን፣ ስሟን ስታነሱ፣ ሰንበት ባይሆንም እንኳ፣ እባካችሁ አንዲት ምስር አንሱላት።