የተመለሰው ካርቶን

“ቁጭ በይ” የሚለውን ስም ያወጣንላት እኛ የመጋዘን ሠራተኞች ነን። የመድኃኒት ባለሙያዋ ከወንበር ጋር አትስማማም። ምሳዋን ቆማ ትበላለች፣ ስልክ ስታወራ መደርደሪያዎቹን ትዞራለች፣ በየሰዓቱ የፍሪጁን ቅዝቃዜ አንብባ ትጽፋለች። “አንቺ ሴት፣ ፍሪጁ እንደሆነ እግር የለው፣ አይሸሽ!” እላት ነበር።

አልፈርድባትም። ድርጅታችን ስድስት ዓመት በኢንተርኔት ጫማ ሲሸጥ ኖሮ አንድ ቀን ብድግ ብሎ መድኃኒትም እንሽጥ አለ። “ካርቶን ያው ካርቶን ነው” አለን ሥራ አስኪያጁ። ፈቃዱ የወጣው ግን በእሷ ስም ነው። ሰው ቢጎዳ የምትጠየቀው እሷ ናት።

ጥፋቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ደንበኛው ስልክ አላነሳ ብሎት ሞተረኛው አንድ ካርቶን ኢንሱሊን መለሰ። ሁለት ቀን ሙሉ በሞተሩ ሳጥን ውስጥ ፀሐይ ሲመታው ነበር። እኔም በጫማው እንደለመድኩት ማሸጊያውን ቀድጄ፣ አቧራውን ጠርጌ ፍሪጅ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ደረደርኩት። በማግስቱ ጠዋት ሙያ እንደሠራ ሰው ነገርኳት።

ፊቷ አመድ መሰለ። “የትኛው ነው?”

ሠላሳ አንድ ካርቶን፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። “እኔ እንጃ” አልኩ።

“ሙቀት የገደለው ኢንሱሊን ውኃ ማለት ነው እኮ! ዛሬ የወጣ አለ?”

“አንድ። በየወሩ ከእኛ ለሚያዝዙት ሽማግሌ።”

ፍሪጁን ቆልፋ ቁልፉን ጨበጠች። ስትደውል ሽማግሌው ተወግተው ቁርሳቸውን በልተዋል። መንገድ ላይ ካለ ፋርማሲ ሌላ ኢንሱሊን ገዛን፤ ሻጩ በበረዶ አድርጎ ሰጠን። ታክሲ ውስጥ ሥራ አስኪያጁ ደወለ፤ ጩኸቱ እኔ ድረስ ይሰማል። “ለአንድ ካርቶን ብለሽ ሠላሳውን ልትጥይ ነው? ቁልፉን መልሺ!” ዘጋችበት።

ሽማግሌው ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ስኳራቸውን ለካች፤ ሦስት መቶ አሥር፣ ከጤናማው ሁለት እጥፍ በላይ። አዲሱን ደርባ እንዳትወጋቸው፣ የመጀመሪያው ደህና ከሆነ ስኳራቸው ወርዶ ይገድላቸዋል። ዝም ብላ እንዳትተው፣ የተበላሸ ከሆነም ያው ነው። ከመጠበቅ ሌላ መላ አልነበረም።

“ልጄ፣ ኧረ ቁጭ በይ” አሏት።

ተቀመጠች። ከታክሲ ውጭ ስትቀመጥ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ ፈራሁ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁለት መቶ ዘጠና። ሽማግሌው ስለ ልጆቻቸው ያወሩልናል፣ አንድም ቃል አልሰማሁም። እንደገና ለካች፤ ሁለት መቶ አሥር። ቀጥሎ መቶ ስድሳ። ዘልዬ የሽማግሌውን ግንባር ሳምኩ። “ተረፍን!” አልኩ።

እሷ አልሳቀችም። እጇን ስትዘረጋ የቁልፉ ጥርስ መዳፏ ላይ ታትሟል። “እሳቸው ተርፈዋል” አለች። “የተበላሸው ግን እዚያው ፍሪጅ ውስጥ ነው ማለት ነው። አሁኑኑ ሄደን ሁሉንም እንጥላለን።”

በዚህ መሃል ሥራ አስኪያጁ እንደገና ደወለ። አሁን ድምፁ ረጋ ብሏል። ቁልፍ ሠሪ አስመጥቶ ፍሪጁን አስከፍቷል፤ ደንበኛ መጠበቅ የለበትም ብሎ አራት ካርቶን ልኳል።

“የአራቱን አድራሻ ላክልኝ” አለችው። ሽማግሌው “እንግዲህ ልጄ...” ብለው ሳይጨርሱ በሩን አልፋ መንገዱ ላይ ነበረች። እኔም ጫማዬን ሳላስር ተከተልኳት።